የአየር ጠመንጃ ላይ የስኮፕ ሐዲድ አገጣጠም

ስኮፕ (አጉሊ ማነጣጠሪያ መነጽር) የተገጠመለት የአየር ጠመንጃ ጠዋት የመታውን ከሰዓት ሲስት ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የመስታወቱም የጥይቱም አይደለም። ስኮፑን የተሸከመው ሐዲድ ከቦታው እየሸሸ ነው። ከዚህ በታች ያለው አዳማ ውስጥ ከማንኛውም የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በሚገኝ ዕቃ፣ ቶርኖ ቤት ሳይኬድ፣ ሐዲዱን እንዳይሸሽ አድርጎ የመግጠሚያ መንገድ ነው። በተለይ የሚመለከተው በሞላ የሚሠሩትን ጠመንጃዎች ነው፤ ሐዲድ የሚያስቸግረው እነሱ ላይ ነውና።

ጠመንጃውን የመያዝና የመተኮስ ፈቃድ ጉዳይ መሣሪያ ከማንሳታችሁ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ተጠይቆ ያለቀ ይሁን። ሥራው ሲጀመር ጠመንጃው ያልተቀባበለና ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። በርሜሉ እየታጠፈ የሚቀባበል ከሆነ አጥፋችሁ የጥይት ማስገቢያውን በዓይናችሁ እዩት። ጥይቶቹ ሌላ ክፍል ይቀመጡ። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ጠመንጃው አይቀባበልም።

ሐዲዱ ለምን ይሸሻል?

የሞላ ጠመንጃ ሁለት ጊዜ ይመታል። ቃታው ሲሳብ የታመቀው ሞላ ፒስተኑን ወደፊት ይወነጭፈዋል፤ በአጸፋው ጠመንጃው ወደ ኋላ ይገፋል። ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ ጫፍ ሲቃረብ ከፊቱ የተጨመቀው አየር በድንገት ያቆመዋል፤ ያኔ ጠመንጃው ወደፊት ይፈናጠራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጥይቱ በርሜሉን ለቆ በሚወጣባት ቅጽበት ዙሪያ ስለሆነ ትከሻ የሚሰማው አንድ ምት ብቻ ነው። ስኮፑ ግን ሁለቱንም ይቀበላል። ሁለተኛው፣ ወደፊት የሚፈናጠረው ምት፣ ስለታም ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ስኮፕ ከሥሩ ያለው ብረት ድንገት ወደፊት ሲሄድበት እሱ ባለበት መቅረት ይፈልጋል። ስለዚህ በሞላ ጠመንጃ ላይ ሐዲዱና ስኮፑን አቅፈው የሚያስሩት ቀለበቶች የሚሸሹት ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ዓይን ነው። ይህን አቅጣጫ ያዙ፤ ሐዲዱን እንዳይሸሽ የሚያስቆመው ማገጃ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው እሱ ነው።

ባሩድ ለሚተኩስ ጠመንጃ የተሠራ ስኮፕ እዚህ የሚሰበረውም በዚህ ምክንያት ነው። ያ ስኮፕ ውስጡ የተደገፈው ወደ ኋላ ለሚመጣ ምት ብቻ ነው፤ ውድ መሆኑ አያድነውም። ማሸጊያው ላይ ለሞላ የአየር ጠመንጃ እንደሚሆን ያልተጻፈበትን ስኮፕ አትግዙ። ጠመንጃችሁ አስቀድሞ በታመቀ አየር ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርትሪጅ የሚሠራ ከሆነ ግን ምቱ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ፣ ስለ ማገጃ የተባለውን ዘላችሁ ሌላውን ብቻ ተከተሉ።

ከመግዛት በፊት መለካት

የአብዛኛው የአየር ጠመንጃ ቱቦ አናት ላይ በግራና በቀኝ ሁለት ረጃጅም ጎድጎዶች ተፍቀዋል። በመካከላቸው የሚቀረው ብረት ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ ነው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር ብዙውን ጊዜ 11 ሚሊ ሜትር ይባላል፤ በተግባር ግን ከ9.5 እስከ 13.5 የሚደርሱ አሉ። በካሊፐር ሦስት ቦታ ላይ ለኩ፦ ከፊት፣ ከመካከልና ከኋላ። ልዩነቱ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አንዱ የሐዲዱ ጫፍ ሁልጊዜ የላላ ይሆናል፤ እንዲህ ላለው ጠመንጃ በአራት ቡሎን የሚጠብቅ ረጅም ሐዲድ ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ቀለበቶችን በቀጥታ ጎድጎዱ ላይ ማሰር ይሻላል።

ገበያ ላይ የሚሸጠው መቀየሪያ ሐዲድ ከሥሩ 11 ሚሊ ሜትሩን ይነክሳል፤ ከላዩ ደግሞ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በአግድም የተቆራረጠ ነው። ላዩ ሁለት ዓይነት ነው። ፒካቲኒ የሚባለው የቁርጦቹ ስፋት 5.23 ሚሊ ሜትር፣ ከመሐል እስከ መሐል ያለው ርቀት 10 ሚሊ ሜትር ነው። ዊቨር የሚባለው ቁርጡ ጠበብ ይላል፣ 4.57 ሚሊ ሜትር ገደማ። ለዊቨር የተሠራ ቀለበት ፒካቲኒ ላይ ይገባል፤ ለፒካቲኒ የተሠራው ግን ዊቨር ላይ አይገባም። ሻጩ ሁለቱንም በአንድ ስም ሊጠራቸው ስለሚችል ቀለበቱን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሞክሩት።

ርዝመቱንም አስቡ። ሐዲዱ ወደፊት ተርፎ የጥይት ማስገቢያውን የሚጋርድ ከሆነ ጣት አያስገባም። በርሜሉ በሚታጠፍ ጠመንጃ ላይ ደግሞ የስኮፑ የፊት ጫፍ በርሜሉ ሲመለስ እንዳይነካው ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ከሁሉ በላይ የምናስጠነቅቀው ማገጃ ስለሌለው ሐዲድ ነው፦ ከሥሩ ወደ ታች የሚወጣ ፒን ወይም ፒን የሚታሰርበት ጥርስ ያለው ቀዳዳ ከሌለው፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለሞላ ጠመንጃ አትውሰዱት።

ሌላው የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ 2.5 እና 3 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ፣ ካሊፐር፣ ትንሽ ውኃ ልክ፣ ቱንቢ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ አሴቶን ወይም ከፋርማሲ የሚሸጥ አልኮል፣ ሰማያዊ ሎክታይት (ቡሎን እንዳይላላ የሚያደርግ ማጣበቂያ) እና የጥፍር ቀለም። ቀዩን ሎክታይት ተዉት፤ እሱን ለመፍታት እሳት ያስፈልጋል፣ እሳት ደግሞ ከዚህ ጠመንጃ አጠገብ ቦታ የለውም።

አገጣጠሙ

1. በመጀመሪያ ሐዲዱን ሳይሆን ሰደፉን እዩ። ሰደፉን ከቱቦው ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች፣ ከፊት ሁለቱና ከቃታው ዙሪያ ያሉት፣ በተኩስ ብዛት ይላላሉ። እነሱ ከላሉ ፍጹም የተገጠመ ስኮፕ እንኳ አንድ ቦታ አይመታም። አጥብቋቸው።

2. ጎድጎዶቹን አጽዱ። ፋብሪካ የቀባው ዘይት እዚያ ውስጥ ይተኛል፤ አዳማ ላይ ደግሞ ነፋሱ የሚያመጣው ደቃቅ አቧራ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ይደርቃል። በጥርስ ብሩሽና በአሴቶን ከፊት ወደ ኋላ ፈግፍጉ፣ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁ ሳይቆሽሽ እስኪወጣ ድገሙ። የሐዲዱን የመንከሻ ጥርስና የቡሎኖቹንም ጥርስ እንዲሁ። አሴቶን የእንጨት ሰደፍ ቫርኒሽን ያነሳል፣ ፕላስቲክንም ያሟሟል፤ ሰደፉን በጨርቅ ሸፍኑ። ምንም ዓይነት ፈሳሽ፣ በተለይ ዘይት ወይም ቤንዚን፣ በጥይት ማስገቢያው በኩል ወደ ቱቦው እንዳይገባ። ቱቦው ውስጥ የቀረ ዘይት በሚቀጥለው ተኩስ እንደ ናፍጣ ሞተር በግፊት ሙቀት ይቀጣጠላል፤ የፒስተኑን ጎሚኒ ያቃጥላል፣ ሞላውንም ይሰብራል።

3. የማገጃውን ቦታ ፈልጉ። ብዙ ጠመንጃዎች የቱቦው አናት ላይ፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ጥልቀት የሌለው ቀዳዳ አላቸው። ሌሎች ደግሞ ከጎድጎዱ ጀርባ ከፍ ያለ ብረት አላቸው። ቀዳዳ ካለ የሐዲዱ ፒን እዚያ ይግባ። ፒኑ የቀዳዳውን ወለል ነክቶ ሐዲዱን ወደ ላይ ማንሳት የለበትም፤ ካነሳው አንድ ዙር ፍቱት ወይም ጫፉን በሞረድ አሳጥሩት። ከፍ ያለ ብረት ካለ የሐዲዱ ጀርባ እሱን ተደግፎ ይቁም። ሁለቱም ከሌሉ ለብቻው የሚሸጥ ማገጃ ገዝታችሁ ከሐዲዱ ጀርባ፣ ምንም ክፍተት ሳትተዉ፣ እሰሩ። ከፊት የታሰረ ማገጃ ምንም አያግድም፤ ሐዲዱ የሚሸሸው ወደ ኋላ ነው ብለናል።

4. ሐዲዱን አስቀምጣችሁ ቡሎኖቹን በጣት ብቻ አስገቡ። አሁን ሐዲዱን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ግፉት፣ ፒኑ የቀዳዳውን የኋላ ግድግዳ እስኪነካ። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ያልፋል። ፒኑ ቀዳዳው መሐል ላይ ከቀረ ሐዲዱ ግድግዳውን እስኪያገኝ ድረስ ግማሽ ሚሊ ሜትርም ቢሆን ይሸሻል፣ የተስተካከለው ዒላማም አብሮት ይሄዳል።

5. ወደ ኋላ እየገፋችሁ አጥብቁ። እያንዳንዱን ቡሎን አውጥታችሁ አንድ ጠብታ ሰማያዊ ሎክታይት ጥርሱ ላይ አድርጉና መልሱ። ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ጫፎቹ፣ በሦስት ዙር፦ ለስለስ፣ ጠበቅ፣ ጥብቅ። የጉልበት መለኪያ ቁልፍ ያለው ሰው 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ቡሎን ከ2 እስከ 2.5 ኒውተን ሜትር ይጠቀም። የሌለው ደግሞ የአለን ቁልፉን ረጅሙን ክንድ ቡሎኑ ውስጥ አስገብቶ አጭሩን ክንድ በሁለት ጣት ያዙር፤ ጣት እስኪደክም ያለው ኃይል ይበቃል። የሐዲዱ አልሙኒየም ለስላሳ ስለሆነ በቧንቧ ክንድ አስረዝሞ መጠምዘዝ ጥርሱን ይልጠዋል፤ የተላጠ ጥርስ ደግሞ አይመለስም።

6. ሐዲዱና ቱቦው በሚገናኙበት ቦታ ላይ በጥፍር ቀለም አንዲት ቀጭን መስመር በሁለቱም ላይ አቋርጣችሁ አስምሩ። መስመሯ ከተሰበረች ሐዲዱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ሎክታይቱ እስኪይዝ አንድ ሌሊት ተዉት።

ጎድጎድ የሌለው ጠመንጃ

አሮጌ ጠመንጃዎች፣ በተለይ በባዶ ዓይን እንዲተኮስባቸው የተሠሩት፣ ቱቦአቸው ልሙጥ ነው። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ ጨርሶ የማይሞከሩ።

የማይሞከረው አንደኛው ብየዳ ነው። በየሰፈሩ ብየዳ ቤት ስላለ አንድ ነጥብ ብቻ ማስነካት ቀላል ይመስላል። ሙቀቱ ግን ቱቦውን ያጣምማል፣ የሞላውን ጥንካሬ ይገድላል፣ ጎሚኒውን ያቀልጣል። ሁለተኛው መቦርቦር ነው። ከቱቦው የፊት ግማሽ ውስጥ ፒስተኑ ይመላለሳል፤ በዚያ በኩል የገባ ቀዳዳ አየር ያወጣል፣ የቀዳዳው ስለት ጎሚኒውን በየተኩሱ ይቆርጠዋል። መቦርቦር የሚቻለው ቱቦው ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ነው፤ ሞላው ደግሞ ሳይቀባበልም እንደታመቀ ስለሚቀመጥ፣ ያለ ማመቂያ መሣሪያ የኋላ መዝጊያውን የፈታ ሰው ፊቱን ሊያጣ ይችላል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

የሚሞከረው መንገድ አንዱ ቱቦውን ዙሪያውን የሚያቅፍ፣ በቡሎን የሚጠብቅ መያዣ ነው። ለቱቦው ውፍረት ልክ የሆነ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ካልተገኘ ኢፖክሲ አለ፤ ኃይላቸው አነስተኛ ለሆኑ ጠመንጃዎች፣ በጥንቃቄ ከተሠራ፣ ይይዛል።

ኢፖክሲ የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ በቅርጽ ነው። የሐዲዱ ሆድ ጠፍጣፋ፣ ቱቦው ደግሞ ክብ ስለሆነ የሚነካኩት በአንዲት መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቱቦው ላይ አልብሳችሁ፣ ሐዲዱን በላዩ ከፊት ወደ ኋላ እየፈገፈጋችሁ ሆዱን የቱቦውን ክብ እንዲይዝ አድርጉት። አልሙኒየም ስለሆነ ይታዘዛል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ሙሉው ሆድ አዲስ የተፋቀ ብረት ሲያበራ በቂ ነው።

ቀጥሎ ሐዲዱ የሚያርፍበትን የቱቦውን ቦታ ምልክት አድርጋችሁ ጥቁር ቀለሙን እስከ ንጹሕ ብረት ፋቁ። ሁለቱንም በአሴቶን አጥባችሁ ከዚያ በኋላ በጣት አትንኩ። ከፊት ማነጣጠሪያው መሐል እስከ ኋላው መሐል ክር ወጥሩ፤ የሐዲዱ መሐል መስመር ከክሩ ሥር ይዋል። ቀስ ብሎ የሚደርቀውን፣ 24 ሰዓት የሚፈልገውን ኢፖክሲ ተጠቀሙ፤ በ5 ደቂቃ የሚደርቀው ምት አይችልም። በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ለውሱ፣ ሁለቱም ፊት ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ሐዲዱን አስቀምጡና ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጠቅልላችሁ እሰሩ። የአዳማ ሙቀት ኢፖክሲውን ስለሚያፈጥነው ማለዳ መሥራት የማስተካከያ ጊዜ ይሰጣል። በመጨረሻም እንዲህ የተጣበቀ ሐዲድ ፀሐይ በመታው መኪና ውስጥ አይተው፤ ኢፖክሲ በሙቀት ይለሰልሳል።

ስኮፑን ማስቀመጥ

የቀለበቶቹ አግድም ብረት ሐዲዱ ቁርጥ ውስጥ ሲገባ እዚህም ወደ ኋላ ገፍታችሁ የቁርጡን የኋላ ግድግዳ አስነኩት። የባሩድ ጠመንጃ መመሪያዎች ወደፊት ግፉ ይላሉ፤ ለዚያ ጠመንጃ ትክክል ናቸው፣ ለሞላው ግን ተቃራኒው ነው። ሁለቱን ቀለበቶች በተቻለ መጠን አራርቁ።

ስኮፑን አጉሊነቱ ከፍተኛው ላይ አድርጋችሁ ሙሉ ክቡ እስኪታይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱ፤ ዓይን ከ75 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ከዚያ ስኮፑ ውስጥ የሚታየውን የማነጣጠሪያ መስቀል ማቅናት ይመጣል። ውኃ ልኩን ሐዲዱ ላይ በአግድም አስቀምጣችሁ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት መካከል ሚዛን አስይዙ። 10 ሜትር ርቀት ላይ ቱንቢ ስቀሉ፣ ነፋስ በሌለበት። የስኮፑን ቋሚ መስመር ከቱንቢው ክር ጋር እስኪገጥም ስኮፑን አዙሩና የቀለበቶቹን ቡሎኖች እያፈራረቃችሁ፣ በሁለቱም ጎን ያለው ክፍተት እኩል እንዲሆን፣ ከ1.5 እስከ 2 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። መስቀሉ ያጋደለ ስኮፕ አንድ ርቀት ላይ ቢስተካከልም ርቀቱ ሲለወጥ ወደ ጎን ይስታል።

ዒላማ ማስተካከል

ከዒላማው ጀርባ በአሸዋ የተሞላ ጆንያ፣ ከፊቱ ኮምፔንሳቶ ይቁም። ቆርቆሮ አጥርም ብሎኬትም ጥይት ይመልሳሉ፤ የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። ጥይቱ እርሳስ ስለሆነ ሲያልቅ እጅ በሳሙና ይታጠባል።

ሰዓቱን ምረጡ። ከአዳማ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ማመንጫዎች የተተከሉት ነፋሱ ስለሚበቃ ነው፤ በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ 25 ሜትር ላይ ጥይቱን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይገፋዋል። ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ጀምሩ። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ስኮፕም እዚህ እንደገና ይፈተሽ፤ አዳማ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል አየሩ ይወፍራል።

በ10 ሜትር ጀምሩ። ጠመንጃውን ከረጢቱ ላይ በቀጥታ አታስደግፉት፤ በሚፈናጠርበት ጊዜ ጠንካራ ነገር ስለሚያነጥረው የግራ እጃችሁ መዳፍ ከረጢቱ ላይ፣ ጠመንጃው ደግሞ መዳፉ ላይ በልቅ ይረፍ። በአንድ ጊዜ አምስት ጥይት ተኩሳችሁ የአምስቱን መሐል ውሰዱ፤ በአንድ ጥይት ስኮፕ አይዞርም። የብዙ ስኮፖች ማስተካከያ ሲዞር አንዱ ጠቅታ የአንድ ደቂቃ ማዕዘን (የዲግሪ ስልሳኛ) ሩብ ነው፤ ይህ 10 ሜትር ላይ 0.7 ሚሊ ሜትር፣ 25 ሜትር ላይ 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። 10 ሜትር ላይ 21 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ከመታ 30 ጠቅታ ወደ ላይ ማለት ነው። ከዚያ ወደ 25 ሜትር ሂዱ።

ከ20 ጥይት በኋላ የጥፍር ቀለሟን መስመር እዩ። ካልተሰበረች የቀለበቶቹን ቡሎኖች ብቻ ፈትሹ።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

የስኮፑ ማስተካከያ ወደ ላይ ዞሮ ሊያልቅ ተቃርቦ ጥይቱ አሁንም ዝቅ የሚል ከሆነ በርሜሉ ከቱቦው አንጻር አቀርቅሯል፤ በርሜላቸው በሚታጠፍ ጠመንጃዎች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ማስተካከያውን እስከ ጫፍ አታዙሩት፤ ውስጡ ያለው ሞላ ስለሚላላ መስቀሉ በየምቱ ይንቀጠቀጣል። መሐሉ ላይ መልሱትና ከኋላው ቀለበት ታችኛ ግማሽ ውስጥ ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የተቆረጠ ስስ ብረት አንጥፉ። ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ቀለበቶቹ 100 ሚሊ ሜትር ከተራራቁ አንዱ ንጣፍ 25 ሜትር ላይ 25 ሚሊ ሜትር ያነሳል። ከሦስት ንጣፍ በላይ ካስፈለገ ስኮፑ ይታጠፋል፤ ያኔ ከኋላው ከፍ ተደርጎ የተሠራ ሐዲድ ግዙ።

ጥይቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነ ሐዲዱ ወይም ቀለበቱ ይሸሻል፤ ማገጃውን እዩ። በአንድ ጊዜ ሁለት የተለያየ ቦታ ላይ የሚሰበሰብ ከሆነ ደግሞ የስኮፑ ውስጥ ተነቅሏል፤ ማጥበቅ አያድነውም። እዚህም እዚያም ከተበተነ ወደ ሰደፉ ቡሎኖች ተመለሱ፣ ከዚያ ወደ ጥይቱ ዓይነት። ጭንቅላት ሲነቃነቅ መስቀሉ ዒላማው ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ስኮፑ ለሩቅ ርቀት የተስተካከለ ነው፤ እስከ 10 ሜትር የሚወርድ የርቀት ማስተካከያ ያለው ያስፈልጋል።

ሐዲዱ አንድ ጊዜ ከተነሳ ቡሎኖቹ ላይ የደረቀው ሎክታይት በብሩሽ ይራገፍ፣ ጎድጎዱ እንደገና በአሴቶን ይጽዳ፣ ፒኑ ወደ ኋላ ይገፋ፣ መስመሯም በአዲስ ቀለም ትሰመር።